የስቲቭ ፊርማ

በጁላይ 1939 ከቪየና ተነሥተው በባቡር ለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ከደረሱት ሕፃናት መካከል የአምስት ዓመቷ ቬራ ቡህታልና የዘጠኝ ዓመቷ እኅቷ ሬናቴ ይገኙ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ጀርመን ዶርትሙንድ ውስጥ ዳኛ ነበሩ። ናዚዎች አይሁድን ከመንግሥት ሥራ ሲያባርሩ ወንበራቸውን አጡ፤ ቤተሰቡም ከአገር አገር ሲንከራተት ቆይቶ ቪየና ደረሰ። እዚያም ቀኑ ሲጨልም ወላጆቹ ልጆቻቸውን ለማያውቁት ሰው አደራ ለመስጠት ቆረጡ። «ኪንደርትራንስፖርት» በተባለው በዚያ የነፍስ አድን ጉዞ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት፣ አብዛኞቹ አይሁድ፣ ወላጅ ሳይከተላቸው ብሪታንያ ገብተዋል። ሴፕቴምበር ላይ ጦርነቱ ሲፈነዳ መንገዱ ተዘጋ።

ሁለቱን ልጆች ሰተን ኮልድፊልድ የሚኖሩ ባልና ሚስት ተቀበሏቸው። ቬራ «አክስቴ»ና «አጎቴ» እያለች አደገች። የወለዷት እናትና አባት ከጦርነቱ ተርፈው በኋላ ቢገናኟትም የተቆረጠው ፍቅር እንዳልተቀጠለ ካደገች በኋላ ተናግራለች። በሕይወት መኖሬ የማላውቃቸው ሰዎች ቸርነት ነው፣ ስለዚህ ዕድሜዬን በከንቱ ላሳልፈው አልችልም የሚለው ሐሳብ ዕድሜዋን ሙሉ አልተለያትም። ወደፊት ገንዘብ ስታገኝም ሆነ ስትበትን ይኸው ሐሳብ ከኋላ ሲገፋት እናያለን።

በዌልስ ድንበር አጠገብ ባለችው የኦስዌስትሪ ከተማ የገባችበት የሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብን በሚገባ የሚያስተምር ሰው አልነበረውም። ልጅቷ ደግሞ ለቁጥር የተፈጠረች ነበረች። ተፈትና ችሎታዋ ሲታይ ወንዶቹ ትምህርት ቤት እየሄደች ሒሳብ ብቻ እንድትማር ተፈቀደላት። ዩኒቨርሲቲ መግባት አልሆነላትም፤ ለእሷ ጾታ ክፍት ሆኖ ያገኘችው የሳይንስ ዘርፍ የዕፅዋት ጥናት ብቻ እንደነበር ታስታውሳለች። በ18 ዓመቷ የእንግሊዝ ዜግነት ስትቀበል ስሟንም ለወጠች፤ ስቴፋኒ ብሩክ ሆነች። ይህ የመጀመሪያው የስም ለውጥ ነው፤ ሌላም ይከተላል።

በ1951 ሰሜን ምዕራብ ለንደን ዶሊስ ሂል በሚገኘው የፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጠረች። የቦታው ስም ተራ ቢመስልም ቤቱ ተራ አልነበረም። በጦርነቱ ዘመን የጀርመንን የምሥጢር መልእክት ለመፍታት የረዳው «ኮሎሰስ» የተባለው ኮምፒውተር የተሠራው በቶሚ ፍላወርስ መሪነት እዚያ ነው፤ ነገሩ እስከ 1970ዎቹ ምሥጢር ሆኖ ስለቆየ ግን ብዙዎቹ ወጣት ሠራተኞች ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንዳሉ አያውቁም ነበር። ስቴፋኒ ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። ስድስት ዓመት በማታ ትምህርት ለፍታ በ1956 በሒሳብ ዲግሪዋን ያዘች። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ሲቪል ሰርቪስ ለአንድ ዓይነት ሥራ የወንድና የሴት ደመወዝ ይለያይ ነበር፤ መንግሥት ልዩነቱን ቀስ በቀስ ለማጥፋት የወሰነው በ1955 ሲሆን ሂደቱ ያለቀው በ1961 ነው።

በ1959 ዴሪክ ሸርሊ የተባለ የፊዚክስ ባለሙያ አገባችና ስቴፋኒ ሸርሊ ተባለች። ፖስታ ቤቱንም ለቀቀች። የሄደችው «አይሲቲ 1301» የተባለውን ኮምፒውተር የነደፈ አነስተኛ ኩባንያ ዘንድ ነበር። ሥራው ደስ ይላት ነበር፤ ያላማራት ሌላ ነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ስለ ገበያና ስለ ዋጋ ሐሳብ ስትሰጥ፣ አንቺ የቴክኒክ ሰው ነሽ፣ ይህ አንቺን አይመለከትሽም ተባለች። ተከራክራ ጊዜ አላጠፋችም። መልቀቂያዋን አስገባች።

በ1962፣ በ29ኛ ዓመቷ መባቻ፣ በስድስት ፓውንድ መነሻ ገንዘብ «ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ» የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ቢሮው ከለንደን ወጣ ብላ ቼሻም አጠገብ ባለች መንደር ያለው መኖሪያ ቤቷ፣ ጠረጴዛውም የምግብ ጠረጴዛዋ ነው። የምትሸጠው ዕቃ ሶፍትዌር ብቻ ነው። ይህን ሲሰሙ ሰዎች ይስቁ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሶፍትዌር ከማሽኑ ጋር በነጻ የሚመጣ ነገር ስለነበር ለብቻው ገንዘብ ይከፈልበታል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ከሴት ሲገዛ ደግሞ ይባስ።

ስድስቱን ፓውንድ ሰዎች እየደጋገሙ ስለሚያነሡት እንደ ተረት ሊመስል ይችላል። የኮምፒውተር ኩባንያ በዚያ ብር የቆመው ኮምፒውተር ስላልነበረው ነው። ፕሮግራመሯ ቤቷ ቁጭ ብላ ኮዱን በእርሳስ ትጽፋለች። ወረቀቱ በፖስታ ይላካል። ሌላ ቦታ ያሉ ጸሐፊዎች ኮዱን ወደ ቀዳዳ ካርድ ወይም ወደ ቀዳዳ የወረቀት ጥቅልል ይለውጡታል፤ ከዚያ በተከራዩት የሰው ማሽን ላይ ይሞከራል፣ ውጤቱ ተመልሶ በፖስታ ይመጣል፣ ስሕተቱ ይታረማል፣ እንደገና ይላካል። የሚያስፈልገው ጭንቅላት፣ ትዕግሥትና ስልክ ነው። ለሥራ ያመለከተችን ሴት ከሚጠይቋት ጥያቄዎች አንዱ ስልክ ማግኘት ትችያለሽ ወይ የሚል ነበር፤ በ1960ዎቹ እንግሊዝም ቢሆን ስልክ በየቤቱ አልነበረም።

ሠራተኞቹ ከየት መጡ? እዚህ ላይ ነው የሴትዮዋ ብልሃት። ኮምፒውተር በተወለደባቸው ዓመታት ብሪታንያ ውስጥ ፕሮግራም መጻፍ እንደ ጸሐፊነት የሚቆጠር የሴት ሥራ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ማር ሂክስ በዝርዝር እንደጻፉት፣ ሥራው ክብርና ደመወዝ እያገኘ ሲመጣ መሥሪያ ቤቶቹ ሴቶቹን ወደ ጎን ገፍተው ወንዶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ከዚያ ቀድሞም ቢሆን ሴት ስታገባ ወይም የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ከሥራ መውጣቷ ደንብ ነበር። የሲቪል ሰርቪሱ የጋብቻ እገዳ በ1946 በይፋ ቢነሣም ልማዱ አልተነሣም። ስለዚህ በየመንደሩ፣ ልጅ ታቅፈው፣ በሒሳብ የተመረቁ፣ ማሽን ያዘዙ ሴቶች ያለ ሥራ ተቀምጠው ነበር። ገበያው የጣላቸውን እሷ ሰበሰበች። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ 297ቱ ሴቶች ናቸው።

ኩባንያው ሲጀመር ግን የጎደለው የሰው ኃይል ሳይሆን የሚያምናቸው ደንበኛ ነበር። የኩባንያውን የባንክ ሒሳብ ለመክፈት እንኳ የባሏን ፈቃድ ተጠይቃለች። በጊዜው ያለ ባል ፈቃድ ብዙ ነገር አይፈጸምም ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ በእንግሊዞች እንዳይስቅ የእኛንም ላስታውስ። ስቴፋኒ ድርጅቷን ከማቋቋሟ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1960 (በእኛ በ1952 ዓ.ም.) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ሚስት ልትሠራው ያሰበችውን ሥራ ለቤተሰቡ ጥቅም ሲባል ባል ሊቃወም እንደሚችልም ይደነግግ ነበር። ይህ የተሻረው በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ነው። አርባ ዓመት ማለት ነው።

ወደ ቼሻም እንመለስ። ስቴፋኒ ሥራ ፍለጋ ለኩባንያዎች ደብዳቤ ትጽፋለች። በደንብ የታሰበበት፣ በደንብ የተተየበ ደብዳቤ ነው፤ ከታች ስሟን በሙሉ ትፈርማለች፦ ስቴፋኒ ሸርሊ። መልስ የለም። ደግማ ትጽፋለች፤ አሁንም ጆሮ ዳባ ልበስ። በዚህ መሐል ዴሪክ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ በቤተሰብ የምትጠሪበትን «ስቲቭ» ለምን አትፈርሚበትም አላት። ደብዳቤው ያው ነው፤ ዋጋው ያው ነው፤ ከታች ያለው ስም ብቻ ተለወጠ። መልስ መምጣት ጀመረ፣ ቀጠሮም ተያዘ። ስቲቭ ሴት መሆኗን ሰዎቹ የሚያውቁት ከበሩ ገብታ እጃቸውን ስትጨብጥ ነው፤ ያን ጊዜ ውጪ አይሏትም።

ይህ ታሪክ ሲነገር ሁሌም ሳቅ ያስነሣል፣ እሷም እያሳቀች ታወራው ነበር። እኔ ግን የዴሪክ ድርሻ ሲነገር ቅጽል ስሙ ላይ መቆሙ አይጥመኝም። ኩባንያው ከእጅ ወደ አፍ በነበረባቸው ዓመታት ቤቱ የሚኖረው በእሱ ደመወዝ ነበር። ዛሬ ባለሀብት ለጀማሪ ኩባንያ የሚሰጠው ገንዘብ ሥራው ምን ያደርጋል ቢባል፣ መሥራቹ ገቢ እስኪያገኝ ድረስ የቤት ወጪውን መሸፈን ነው። ያንን የሸፈነው አንድ የፖስታ ቤት ፊዚሲስት ነበር። ደመወዝ ያለው ባል ያልነበራት፣ ወይም ያለው ባሏ እንቢ ያላት ሌላ ስቴፋኒ ስንት እንደነበረች ቆጥሮ የጻፈልን የለም።

በ1963 ወንድ ልጅ ወለደች፤ ጃይልስ አለችው። ከዚህ በኋላ ቢሮውም ሕፃኑም አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ደንበኛ ሲደውል ከኋላ ልጅ የሚያለቅስ ከሆነ ነገሩ ይበላሻል። መፍትሔዋ ቴፕ መቅጃ ነበር፤ የታይፕ መምቻ ድምፅ ቀድታ ስልኩ ሲጮህ ትከፍተዋለች። በመስመሩ ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው ሥራ የበዛበት ቢሮ ነው።

ሌላው መሸፈኛዋ ዋጋው ነበር። ደንበኛ ለሰዓት የሚከፍል ከሆነ ሰዓቱ የት፣ በማን፣ መቼ እንደሚያልፍ ይጠይቃል፤ ሠራተኛዋ ልጇን አስተኝታ ሌሊት እንደምትጽፍ ይደርስበታል። ስቴፋኒ ሥራውን በቁርጥ ዋጋ መዋዋል ጀመረች፤ በመስኩ እንዲህ ካደረጉት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። ይህን ያህል ትከፍላለህ፣ በዚህ ቀን ይህን ፕሮግራም ትረከባለህ፤ አለቀ። ቁርጥ ዋጋ ግን በሁለት በኩል የሚቆርጥ ቢላ ነው፤ ሥራው ከታሰበው በላይ ከፈጀ ኪሳራው የእሷ ነው። ስለዚህ ሥራን አስቀድሞ መመተር፣ ከፋፍሎ ማደልና ጥራቱን መቆጣጠር ግድ ሆነባቸው። ቀደም ካሉት ሥራዎቻቸው አንዱም የሶፍትዌር አሠራርን የሚቆጣጠር ደንብ ማዘጋጀት ነበር፤ ሌላ ሰው አዞ ያሠራቸውን ይህን ደንብ ለራሳቸውም ተጠቀሙበት። በኋላ ኔቶ ተቀብሎታል። በየኩሽናው የተበተኑ ሴቶች ያወጡትን ደንብ የጦር ቃል ኪዳን ድርጅት መከተሉ ያስገርማል፤ ግን ዓይን ለዓይን የማይተያዩ ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ሰው ደንብን ከማንም በላይ ማጥራት አለበት።

በዘመናችን ሴት የቴክኖሎጂ መሥራቾችን እንደግፋለን የሚሉ መርሐ ግብሮች ለንደንም አዲስ አበባም ሞልተዋል። ሥልጠና ይሰጣሉ፣ አማካሪ ይመድባሉ፣ በውድድር ይሸልማሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ። አልነቅፋቸውም። የዚህችን ሴት ኩባንያ ያቆመው ግን ሥራ አዞ፣ ውል ፈርሞ፣ በቀኑ የከፈለ ደንበኛ ነው።

በ1964 ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ ኩባንያ ሆነ። ሥራው የጭነት ባቡር መርሐ ግብር ነው፣ አውቶቡስ ነው፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ቁጥጥር ነው፤ የግምጃ ቤቱ ማለቂያ አልነበረውም። ከሁሉ የላቀው ግን ኮንኮርድ ነው። ብሪታንያና ፈረንሳይ ከድምፅ የሚፈጥን የመንገደኛ አውሮፕላን በጋራ ሲሠሩ፣ የበረራ መረጃ የሚቀዳበትን የጥቁር ሳጥን ፕሮግራም የጻፉት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ በቁጥር ወደ 30፣ ሁሉም በየቤታቸው። አን ሞፋት የተባለችው ፕሮግራመር በ1966 ከምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ለኮንኮርድ ኮድ ስትጽፍ፣ ትንሽ ልጇ አጠገቧ ሆና የተነሣችው ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ ይታያል። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የበረረው በ1969 ነው።

በዚያው ዓመት አይቢኤም ሶፍትዌሩን ከማሽኑ ለይቶ ለብቻው እንደሚሸጥ አስታወቀ። ሰዎች ከሰባት ዓመት በፊት የሳቁበት ነገር ንግድ ሆነ። ግን ገበያው ሲከፈት ኢኮኖሚው ወደቀ፤ በ1970ዎቹ መባቻ የመጣው መቀዛቀዝ ኩባንያውን ለሞት አድርሶት ነበር። ተረፈ። ተርፎም ወደ ሌሎች አገሮች ተሻግሮ በ1974 ስሙን «ኤፍ ኢንተርናሽናል» አለ።

በዚሁ ጊዜ አትላንቲክ ማዶ ተመሳሳይ ታሪክ እየተጻፈ ነበር። በ1972 ሳንድራ ከርትዚግ የተባለች የሒሳብ ምሩቅ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2,000 ዶላር ከመኖሪያ ቤቷ «አስክ» የተባለ የሶፍትዌር ኩባንያ ጀመረች። ያሰበችው ልጅ እያሳደገች በትርፍ ጊዜዋ የምትሠራው ነገር ነበር። ኩባንያው አድጎ በ1981 አክሲዮኑ ለሕዝብ ገበያ ቀረበ። አሜሪካ በ1974 ብድር ሰጪ በጾታና በጋብቻ ምክንያት ሴትን እንዳይነፍግ በሕግ ከለከለች። ይህ ብቻውን አልበቃም፤ ለንግድ ብድር የወንድ ዘመድ አብሮ ይፈርም የሚሉ የክፍለ ግዛት ሕጎችን ያስቀረው የሴቶች የንግድ ባለቤትነት ሕግ የወጣው በ1988 ነው። በዚያን ጊዜ ማይክሮሶፍት ቢሊየነር አፍርቶ ነበር።

ብሪታንያ የራሷን የጾታ መድልዎ ሕግ በ1975 አወጣች። ባንክ ሴትን ዋስ አምጪ፣ ባልሽን ጥሪ እንዳይል ከለከለ። ታዲያ ይኸው ሕግ ስቴፋኒንም መታ። ሴቶችን አስበልጦ መቅጠር መድልዎ ሆነና ለወንዶችም በሯን እንድትከፍት ተገደደች። ለሴት የሚጠቅም ሕግ ለሴት የተሠራ ኩባንያን ሕገወጥ አደረገ ብላ ሳትማረር ትስቅበት ነበር። እኔ ሕጉ ትክክል ነበር እላለሁ። የሕጉ ድክመት ሌላ ቦታ ነው፤ የቅጥርን በር በእኩል ይከፍታል፣ ልጅ የያዘች ሴት በምን ሰዓት፣ ከየት ሆና እንደምትሠራ ግን አይጠይቅም። ይህን የጠየቀው ሕጉ በከፊል ያፈረሰው የእሷ የቅጥር ደንብ ነበር።

ቤቷ ውስጥ ግን ከሕግ የከፋ ነገር ነበር። ጃይልስ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው የለመደውን ቃል አንድ በአንድ ጣለ፤ ድምፁ ጠፋ። ከባድ ኦቲዝም ነበረበት። እያደገ ሲሄድ የሚጥል በሽታ ተጨመረበት፣ ጉልበቱም ከወላጆቹ በላይ ሆነ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ሆስፒታል ገባ፤ እናቱም ራሷ ታማ ወደቀች። የኩባንያው መሪ ወር አልፎ ወር ከሥራዋ ስትርቅ ኩባንያው አልፈረሰም። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ በደንብ መሥራት የለመደበት ቤት ስለነበር አለቃዋ አለመኖሯ እንደ ሌላው መሥሪያ ቤት አላናጋውም።

የ1980ዎቹ ታሪክ በፍጥነት ይሄዳል። ሥራው ሰፋ፣ ኩባንያው በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚያሠራበት ጊዜ መጣ፣ ስቴፋኒም እንዲህ ያለውን ትልቅ ድርጅት የሚመራ ሌላ ሰው እንደሚያስፈልግ አመነች። በ1985 ሂላሪ ክሮፐር ከትልቁ የብሪታንያ ኮምፒውተር ኩባንያ ከአይሲኤል መጣችና በ1987 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች። መሥራች ወንበሯን ለሌላ ሴት መልቀቋ በዚያ ዘመን በቴክኖሎጂው መስክ ብዙም የታየ ነገር አልነበረም። ክሮፐር ከመሥራቿ የተለየች፣ ንግዱ ላይ ጥብቅ ሰው ነበረች። ሁለቱ ሁልጊዜ ይስማሙ ነበር ብሎ የሚያስብ የኩባንያ ሰው ካለ ኩባንያ ውስጥ ሠርቶ አያውቅም።

አክሲዮኑ ላይ ግን መቆም ያስፈልጋል። ስቴፋኒ ከራሷ ድርሻ የኩባንያውን ሩብ ያህል ለሠራተኞቹ ሰጠች፤ ከእሷ በቀር ማንም የከፈለው ነገር አልነበረም። በ1991 ሠራተኞቹ በኩባንያው ባለቤትነት ውስጥ ዋና ድርሻ ያዙ። በ1993 በ60 ዓመቷ ጡረታ ወጣች። በ1996 ኩባንያው በለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲመዘገብ ውጤቱ ታየ፤ በጊዜ ሂደት ከሠራተኞቹ 70ዎቹ ሚሊየነር ሆኑ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ ቁጥር ነው። እኔን የሚገርመኝ ከኋላው ያለው ስሌት ነው። ደመወዝ ለሴት ወር የሚያሻግር ነገር ነው፤ አክሲዮን ግን ማስያዣ ነው፣ ባንክ ሲሄዱ የሚያስከብር፣ የራስን ድርጅት ለመክፈት የሚበቃ። በ1962 ባንክ ከእሷ የጠየቀው የባል ፈቃድ ነበር፤ አብረዋት ለሠሩት ሴቶች በእጃቸው የሰጠችው የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ሀብት ነው።

ጃይልስ በ1998 በሌሊት በያዘው የሚጥል በሽታ በ35 ዓመቱ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት እናቱ ያቋቋመችው «ፕራየርስ ኮርት» የተባለ የኦቲዝም ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሌሎች ተቋማትም አሉ፤ በ2001 ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኢንተርኔትን ማኅበራዊ ጉዳይ የሚያጠና ተቋም መሠረተች፣ በ2004 የኦቲዝም ምርምር ድርጅት አቆመች። ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰጥታለች። በ2000 ከንግሥቲቱ «ዴም» የሚለውን ማዕረግ ተቀበለች፤ ቀደም ብሎ በ1989 የብሪታንያ ኮምፒውተር ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ኩባንያው በ2001 «ዛንሳ» ተባለ፣ በ2007 «ስቴሪያ» የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው። ስሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

በ2015 ካናዳ ውስጥ በተካሄደ የቴድ ስብሰባ ላይ ንግግር አደረገች። ያን ጊዜ 81 ዓመቷ ነው። ትልቅ ነገር የሚመኙ ሴቶችን በራስ ቅላቸው ማወቅ ይቻላል አለች፤ አናታቸው ሜዳ ነው፣ ከላይ ሆኖ ጎሽ እያለ የሚደባብሳቸው ስለበዛ። አዳራሹ ሳቀ። ማጨብጨቡ በሚደባብሰውም እጅ ነበር።

በ2018 የሸርሊ ፋውንዴሽን ያለውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ጨርሶ ተዘጋ፤ አስቀድሞ የታቀደ ነበር። በ2019 መጀመሪያ ብሪቲሽ ቢዝነስ ባንክ ያወጣው ጥናት ደግሞ የዘመኑን የገንዘብ ካርታ አሳየ። በብሪታንያ የቬንቸር ካፒታል ገበያ ከሚፈሰው ከእያንዳንዱ ፓውንድ፣ መሥራቾቹ ሁሉ ሴቶች ለሆኑ ኩባንያዎች የሚደርሰው ከ1 ፔኒ ያነሰ ነበር። ሁሉም ወንዶች ለሆኑት 89 ፔኒ፣ ለተቀላቀሉት 10 ፔኒ። ጥናቱን የጠየቀው የአገሪቱ ግምጃ ቤት ነበር። በጉዳዩ ላይ የመንግሥትን ግምገማ የመራችው ባንከሯ አሊሰን ሮዝም በዚያው ዓመት ሪፖርቷን አቀረበች፤ ሴት መሥራቾች ከሚገጥሟቸው እንቅፋቶች ቀዳሚው መነሻ ገንዘብ ማጣት መሆኑን አስቀመጠች። ሪፖርቱ «የሴቶች ኢንቨስትመንት ደንብ» የሚባል ስምምነት ወለደ። ፈራሚው ተቋም ለጉዳዩ ኃላፊ የሚሆን ከፍተኛ ባለሥልጣን ይሰይማል፣ ስንት ሴት መሥራች ገንዘብ እንደጠየቀችውና ለስንቷ እንደሰጠ መዝግቦ ለመንግሥት ያስረክባል።

ደንቡ ስጡ ብሎ አያስገድድም፤ ቁጥሩን አሳዩ ይላል። ይህን ደካማ ነው የሚሉ አሉ፣ ሐሳባቸውም ውኃ ያነሣል። ግን ደብዳቤዎቿ መልስ ያጡባት የ1962ቷ ስቴፋኒ ጉዳዩ ስሟ መሆኑን ያወቀችው ስሙን ለውጣ ስለሞከረች ብቻ ነው። የተመለሰላቸውና ያልተመለሰላቸው ደብዳቤዎች ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ ቅጽል ስም ባላስፈለጋት።

ዴም ስቴፋኒ ሸርሊ በኦገስት 9 ቀን 2025 በ91 ዓመቷ አረፈች። በዚያን ጊዜ ደንቡን የፈረሙት ባንኮች፣ የኢንቨስትመንት ድርጅቶችና የግል ባለሀብት ማኅበራት ከ200 በልጠው ነበር፤ ቁጥራቸውን በየዓመቱ ያስረክባሉ፣ የተጠቃለለውም በየዓመቱ ይታተማል።